ማሽኑ የቆጠረብኝ ስምንት ዓመት

ስልኬን ኪሴ ሳልከተው መልሱ መጣ። ስላመለከትሽ እናመሰግናለን፣ ለጊዜው ከሌሎች አመልካቾች ጋር ለመቀጠል ወስነናል ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ማመልከቻውን ከላክኩ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ሰዓቱ ደግሞ ሰባት ተኩል ነው፤ የቢሮ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ፣ በኮምፒውተር የሚጻፍበት ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው እጁ እኔን የሚጥል ሰው በዓይነ ሕሊናዬ ለመሳል ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

"ማን ነው እንዲህ የቸኮለው?" አልኩ።

"ማሽን ነዋ" አለች የሱቁ ባለቤት፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። "ድሮ ሰው ነበር የሚያነበው። አሁን መጀመሪያ ማሽን ያነብሻል። እሱ ካሳለፈሽ ነው ሰው የሚያይሽ።"

እትዬ ነው የምላት። ቁልቁለቱን ወርዶ ካለው ቆላ ከተማ የመጣች ነጋዴ ናት፤ አባቷ በአህያ ጨርቅ እያወጣ ለመንዝ ሰው ሲሸጥ የኖረ፣ እሷ ደግሞ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻና የሠርግ መጥሪያ ይዛ የወጣች። ሲቪዬን የሠራችልኝም እሷ ናት፣ መጥሪያውን በምትሠራበት እጇ። ዳር ዳሩን የወይን ሐረግ ዞሮታል። ፎቶዬ ክብ ውስጥ ገብቷል። ስሜ በተጠማዘዘ ፊደል ተጽፏል። "በዕለቱ ተገኝተው ሠርጋችንን ያድምቁልን" የሚለው ብቻ ነው የቀረው።

ያ ሥራ የኔ ነበር። ደብረ ብርሃን ያለ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ለጥሬ ዕቃው ስቶር ኪፐር ይፈልጋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ሁለት ዓመት ስቶር የሠራ፣ የበግ ጠጉር የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። ማስታወቂያውን ሳነብ አንድ ሰው በመስኮት እኔን እያየ የጻፈው መሰለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚሁ ከተማ በሴቶች ማኅበር መጋዘን ጠጉር ተረክቤያለሁ። ነጩን ከዳለቻው፣ ጥቁሩን ከቡላው ለይቻለሁ። በጠጥ የሚሉት የበግ ፍግ የበዛበትን መልሻለሁ፣ መዝኜ፣ ክብደቱ የተጻፈበት ወረቀት አስሬበት፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ሸማኔዎች አከፋፍያለሁ። ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ የተረጨበትን ጠጉር በእጄ ነክቼ አውቃለሁ። ከማዳበሪያው መሐል ድንጋይ የሚከቱም ነበሩ፤ እነሱን ሚዛኑ ላይ ሳይወጡ በአሸካከማቸው ነበር የማውቃቸው።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ሲከፈት፣ መኪናው ቀረ። መኪናው ሲቀር መጋዘኑ ተዘጋ። እኔም ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ከከተማ የአንድ ሰዓት እግር መንገድ ወዳለው ቤታችን ገባሁ።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ አንድ ቃል ነው። ለቅሶ ቤትም ሆነ ገበያ፣ እናቴን ሰው "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲላት "ተቀምጣለች" ትላለች። ክፋት የለባትም፤ አገሩ የሚለው እንደዚያ ነው፣ ሥራ የሌለው ሰው ተቀምጧል ነው የሚባለው። እኔ ግን ተቀምጬ አላውቅም። ውኃ ቀድቼ፣ እበት ዝቄ፣ ገብስ ፈትጌ፣ በግ መልሼ፣ ምንም ሲጠፋ ደግሞ ግቢውን ዞሬ ዞሬ አባቴን የማስመርር ሰው ነኝ። ያም ሆኖ ተቀምጣለች። ማስታወቂያው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዕለቱ ሰኞ ነበር። እስኪዘጋ ድረስ ሲቪውን እያስተካከሉ እንደገና መላክ ይቻላል ይላል። ይህ ካለፈኝ በሚቀጥለው ለቅሶ ላይም "ተቀምጣለች" ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም።

ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ኔትወርክ አለ። እዚያ ወጥቼ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ማሽኑ የሚያስረዳበትን ቪዲዮ እየተቆራረጠ አየሁት። ማሽኑ ፎቶ አያይም። ሠንጠረዥ ያምታታዋል። ሐረግ አይወድም። የሚያየው ቃል ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቃል ካንቺ ወረቀት ላይ ይፈልጋል፣ ካጣው ይጥልሻል።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ።

"ሐረጉን አውጪው" አልኳት።

"ምነው፣ ያምር የለ?"

"ለማን ነው የሚያምረው? ማሽን ነው ያልሽኝ።"

ሐረጉ ወደቀ። ፎቶዬ ወደቀ። ስሜ ደረቅ ባለ ፊደል ተጻፈ። ወረቀቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰለ፤ ደስ አለኝ። ላክነው። በሁለት ደቂቃው መልሱ መጣ፣ ያው ነው። የዚያን ቀን ግን ከሥሩ የተጨመረ ነገር ነበረ፦ ምናልባት እነዚህ ሥራዎች ይስማሙሽ ይሆናል ይላል። ሦስት ሥራ ደርድሮልኛል። ሦስቱም አዲስ አበባ፣ ሦስቱም የሴቶች ፀጉር ቤት።

እትዬ አነበበችው፣ እኔም አነበብኩት። የኔን ራስ ቀና ብላ አየችው። ሹሩባዬን ከተሠራሁት ሦስት ሳምንት አልፎታል።

"እንዲህ ሆነሽ ማን ይቀጥርሻል" አለች።

"ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

"አንቺ ያልሽኝን። የበግ ጠጉር ተረካቢ። ጠጉር በእንግሊዝኛ ሄር አይደል?"

"የበግ የሚለውንስ?"

"የበግ ሄር ሲባል ደስ አላለኝም፣ ተውኩት።"

እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። ሦስት ዓመት ጠጉር ተረክባለች፣ ጠጉር ለይታለች፣ ጠጉር መዝናለች ይላል ወረቀቱ። ማሽኑ ምን ያድርግ። እኔም ብሆን ፀጉር ቤት ነበር የምልካት።

"ውል ነው የሚባለው" አልኳት። ማስታወቂያው ላይ እሱ ነበር ያለው።

"የምን ውል? ኮንትራት?"

"የበጉ ጠጉር ነው በእንግሊዝኛ ውል የሚባለው።"

"እና ጠጉር ስትረከቢ ውል ተረከብሽ ሊባል ነው?" ራሷን ነቀነቀች። ግን አስተካከለችው። መጋዘን ያልነውን ማስታወቂያው ስቶር ስላለው ስቶር አልነው። ቆጠራ ያልነውን ኢንቬንተሪ አልነው። የሠራሁት ያንኑ ነው፤ ስሙን ነው የቀየርኩት። ረቡዕ ጠዋት ላክነው። በሁለት ደቂቃው ጣለኝ። ፀጉር ቤቶቹ ግን ከመልሱ ላይ ጠፉ።

የዚያን ጊዜ ነው እትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ "አንድ መላ አለ" ያለችኝ። ማስታወቂያውን ሙሉ በሙሉ ገልብጣ ከሲቪዬ ግርጌ ለጠፈችው። ከዚያ ፊደሉን ነጭ አደረገችው። ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ጠፋ። ሰው ሲያየው ባዶ ወረቀት ነው፤ ማሽኑ ግን ቀለም አይመርጥም፣ ሁሉንም ያነባል፣ አንዷንም ቃል አያጣትም። የት እንደተማረችው ጠየቅኳት። "ያንቺ ቪዲዮ ብቻ ነው እንዴ ያለው" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። መብራቱ ስለሄደ ከዚያ አልላክነውም፤ ጠዋት ከጉብታው ላይ ልልከው ስልኬ ላይ ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዳዊታቸውን ደግመው ጨርሰው መነጽራቸው ገና አፍንጫቸው ላይ ነበር። እኔ አንቱ ነው የምላቸው፤ ታላላቆቼም እንዲሁ።

"እስቲ አምጪው" አሉኝ። "ልጄ ራሷን ምን ብላ እንደጻፈች ልየው።"

"በእንግሊዝኛ ነው አባዬ።"

"ማየት ማንን ገደለ።"

ሰጠኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ከላይ ያለውን አላነበቡም፤ የገረማቸው ከታች ያለው ባዶ ቦታ ነው። "ይሄን ያህል ወረቀት ለምን ይባክናል?" ብለው ጣታቸውን ባዶው ላይ አሳረፉት፣ አላነሱትም። ስልኩ ባዶውን መርጦ ሰማያዊ ቀባው። ከሰማያዊው ውስጥ ነጫጭ ፊደል እንደ ጉንዳን ብቅ ብቅ አለ።

"አይንኩት፣ አይንኩት" አልኩ።

"ምንድን ነው ይሄ የተደበቀው?"

ከመዋሸት መናገሩ ቀለለኝ። "ማስታወቂያው ላይ ያሉት ቃላት ናቸው። ሰው አያያቸውም። ማሽኑ ብቻ እንዲያያቸው ነው።"

"ማሽኑ አይቶ ለሰው ቢያሳልፍሽ፣ ሰውየው ምን ያያል?"

"ባዶ።"

ስልኩን መለሱልኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ታዲያ ጠጉሩ ውስጥ ድንጋይ ከተሽ ማለት ነዋ" አሉ። ቁጣ የለበትም። የዝናብ ወሬ እንደሚያወሩ ነው ያሉት። መጋዘን ሳለሁ ድንጋይ የከተተ ሰው በያዝኩ ቁጥር ማታ ቤት ገብቼ በኩራት የማወራላቸው እኔው ነበርኩ።

ጉብታው ላይ ወጣሁ። ነጩን ሁሉ አጠፋሁት። አጥፍቼም ንዴቴ አልበረደም። አባቴ ልክ ናቸው፤ ልክ መሆናቸው ግን ከሁለቱ ደቂቃ አያድነኝም። ሐሙስን እንዲሁ ስመላለስ ዋልኩ። እናቴ "ምን ነካሽ፣ አረፍ በይ" ስትለኝ ነበር፤ አረፍ በይም ያው ተቀመጪ ነው።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁ ደረስኩ። መብራት የለም። እትዬ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ለምሳዋ የያዘችውን በቆሎ ትበላለች። ግማሹን ሰጠችኝ። ሰባት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። አስፋልቱን ወጣሁ ወረድኩ። አንዱ የሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪ መስዬው ሦስት ጊዜ "ደብረ ብርሃን ነሽ?" አለኝ። በሦስተኛው "ገና ነኝ" አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ መጣ።

ኔትወርኩ ግን እንደ ሰነፍ በሬ ነበር። ሲቪው ከገባ በኋላ የሚመጣ አንድ ገጽ አለ፤ ሁልጊዜ ሳላየው "ቀጥል" የሚለውን ነበር የምጫነው። የዚያን ቀን ቀጥል ብለው አልቀጥል አለ። ገጹ ደርቆ ቆመ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ አነበብኩት። ለካ ማሽኑ ከወረቀቴ የተረዳውን የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው፤ ትክክል ከሆነ ቀጥል፣ ስህተት ከሆነ አርም ነው የሚለው። ሦስት ጊዜ ሳላነብ ትክክል ነው እያልኩ ፈርሜለታለሁ።

የተወለደችው 1996። ትምህርት የጨረሰችው 2014። ሥራ የጀመረችው 2022።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የትምህርት ማስረጃዬ በአማርኛ ነው፣ በኛ ዓመተ ምሕረት። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ማኅበሩን የሚረዱ ፈረንጆች ስለነበሩ ደብዳቤው ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነበር የሚወጣው። እኔ ሁለቱንም እንዳሉ ገለበጥኳቸው። አንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን አስተኛሁ። ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

እትዬ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች። "ከአሥራ አራት እስከ ሃያ ሁለት ስንት ነው?"

"ስምንት።"

"ስምንቱን ዓመት የት ነበርሽ?"

"ትምህርት ቤት። ሁለት ሺህ አሥራ አራት በፈረንጅ ማለት እኮ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።"

እሷ ሳቀች፣ በዚህኛው እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተብኝ። ገጹ ላይ ያለችውን ሴት አየኋት። ሠላሳ ዓመቷ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ትምህርት ጨርሳ ስምንት ዓመት ምንም አልሠራችም። ተቀምጣለች። ማሽኑ የእናቴን ቃል ሳይሰማ ራሱ ደረሰበት። እሷ እኔ አይደለችም፤ ግን አውቃታለሁ። ይህ ሥራ ካመለጠኝ፣ ቀጥሎ ያለውም ካመለጠኝ፣ ስምንት ዓመት ቆይቼ የምሆናት ሴት ናት። አስቀድሞ ሲቪዋን የላከችልኝ መሰለኝ። ማሽኑ ስለጣላት አልፈረድኩበትም። የፈራሁት እሷን ነው።

"ስምንቱን ዓመት ሙዪዋ" አለች እትዬ። "ሁለት ቦታ ሠርቼ ነበር በይ። ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ። የሚቸግረን ማኅተም ብቻ ነው።"

"ድንጋይ አልከትም።"

"የምን ድንጋይ?"

"ተይው። ዓመቱን ነው የምንቀይረው።"

መቀየሩም ቀላል አልነበረም። የፈረንጅ ዓመት በታኅሣሥ ማለቂያ ነው የሚዞረው፤ ከዚያ በፊት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው የሚደመረው። ትምህርት የጨረስኩት ሰኔ ነው፣ ስምንት። የተወለድኩበትን ወር ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ማስረጃው ላይ ዓመቱ ብቻ ነው ያለው። አባቴ ጋ ደወልኩ። ያነሱት በአምስተኛው ነው።

"አባዬ፣ መቼ ነው የተወለድኩት?"

"በዘመነ ዮሐንስ፣ የግንቦት ልደታ ማግስት። ምነው?"

"ማሽኑ ሠላሳ ዓመት ሰጠኝ።"

"እኔን ቢያገኘኝ ስንት ያደርገኝ ይሆን" አሉ። ከዚያ "ነጩን አጠፋሽው?" ብለው ጠየቁኝ። አጠፋሁት አልኳቸው። "በይ ጨርሺ፣ ሰዓት ሄደ" ብለው ዘጉት።

1996 ወደ 2004 ሄደ። 2014 ወደ 2022 ሄደ። ስምንቱ ዓመት ተጨምቆ ጥቂት ወራት ሆነ፤ ፈተና ተቀምጬ ውጤት የጠበቅኩባቸው ወራት። ያቺ ሴት ከገጹ ላይ ጠፋች፣ ሃያ ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች አንዲት ጠጉር ተረካቢ ቀረች። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ላክነው።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ቆጠርን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንድ አዛውንት መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ ገብተው እኛን ሲያዩ "ምን ሞቶባችሁ ነው?" አሉ። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ። አምስት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። ገጹ ላይ "ደርሶናል፣ እየታየ ነው" የሚል ብቻ አለ።

"በቃ ሂጂ" አለች እትዬ። "ደንበኛዬን ረበሽሽብኝ።"

ቅዳሜ ምንም የለም። እሑድም የለም። የሆነውን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት ከሁሉም የገረማት ፀጉር ቤቶቹ ናቸው፤ "ታዲያ ምነው፣ አዲስ አበባ አልነበረም?" አለችኝ። ሰኞ ረፋድ ላይ በጎቹን ከገብሱ አጠገብ ለማራቅ ጉብታው ላይ ወጥቼ ሳለ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ነፋስ ነበረ፣ በአንድ እጄ ነጠላዬን ይዤ አነሳሁት። የሴት ድምፅ ነው፣ የሰው ድምፅ። ስሜን እስከ አያቴ ጠራችው። ከፋብሪካው ነው፣ ሲቪሽን እያየሁት ነው አለች። ስለ ጠጉሩ ጠየቀችኝ፤ ደረቅና እርጥብ እንዴት እንደምለይ ነገርኳት። እየጻፈች መሰለኝ።

"አሁን ሥራ ላይ ነሽ ወይስ ተቀምጠሽ ነው?"

"ቆሜ ነው" አልኩ።

ሳቀች። ቀልዴን መስሏታል። "እሺ፣ ረቡዕ ለቃለ መጠይቅ ሦስት ሰዓት ላይ ነይ።"

አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩና ያቺን የሠላሳ ዓመት ሴት አስታወስኩ።

"ይቅርታ፣ ሦስት ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ?"

ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። "ማሽኑ የላከልኝ ላይ ሦስት ሰዓት ነው የሚለው" አለች። "እኔም እንጃ። ቆዪ፣ ልጠይቅልሽ።"

ቆየሁ። ጠዋት ይሁን ከሰዓት ለኔ ለውጥ የለውም፣ ማክሰኞ በመጀመሪያው መኪና እንደምወርድ ቆርጫለሁ። በጎቹ መልሰው ገብሱ ውስጥ ገብተዋል፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣብቄ እነሱን ለመመለስ ሄድኩ።